ልጅ ስንል ምን ማለታችን ነው?



በቋንቋችን «ልጅ» የሚለውን ቃል ያህል ብዙ ሸክም የተጫነበት ቃል ማግኘት ያስቸግራል። ከአብራክ የተከፈለ የሥጋ ልጅ አለ። የእንጀራ ልጅ አለ። የማደጎ ልጅ አለ። በጥንቱ ልማድ ጣትን ወይም ጡትን ማር ቀብቶ በማጥባት የሚገኝ የጡት ልጅ አለ፤ ከኦሮሞ ወገኖቻችን ወደ አማርኛ የገባው ጉዲፈቻም የዚሁ ዘመድ ነው። ከጥምቀት የምናነሣው የክርስትና ልጅ አለ፤ ኃጢአቱን የሚናዘዝ ሁሉ ደግሞ ለነፍስ አባቱ የንስሐ ልጅ ነው። ስሙን የማናውቀውን መንገደኛ «አንተ ልጅ» ብለን እንጠራዋለን። የመሳፍንትና የመኳንንት ወገን ሲሆን ቃሉ ማዕርግ ይሆንና «ልጅ ኢያሱ» ይባላል። እንግዲህ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ ነው ብለን ስንመሰክር ከእነዚህ ሁሉ የትኛውን ማለታችን ነው?

መልሱን ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ የባሕርይ ልጅ ነው እንላለን። መልሱ እውነት ነው። ነገር ግን በቃል ብቻ የተያዘ እውነት በኪስ እንደ ተቀመጠ ድፍን ብር ነው፤ ዘርዝሩ ሲሉን እንቸገራለን። ዩኒቨርስቲ ከገባሁ ወዲህ ይህን ብር ዘርዝር የተባልሁት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። አብሮኝ የሚያድረው የእስልምና ተከታይ ጓደኛዬ «እግዚአብሔር ይወልዳል ትላላችሁን?» ብሎ ጠይቆኛል። በስም ክርስቲያን የሆነ ሌላው የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ «ልጅ ማለት የክብር ስም ነው፤ ታላቅ መምህር ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ያከራክራል?» ይላል። የፊተኛው ልጅነትን እንደ ሥጋ ልደት ወስዶ ይሸሸዋል፤ የኋለኛው እንደ ማዕርግ ወስዶ ያቀልለዋል። በበኩሌ የበለጠ የሚያሳስበኝ የኋለኛው ነው። የፊተኛው ቢያንስ የምንናገረው ነገር ከባድ መሆኑን ተረድቷል።

ይሁን እንጂ ማዕርግ ነው የሚለውም ሰው ያለ ማስረጃ አይናገርም። መጻሕፍት ብዙዎችን የእግዚአብሔር ልጆች ይላሉ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 4 ሕዝበ እስራኤል በሙሉ የበኵር ልጅ ተብሏል። ነቢዩ ናታን ለዳዊት ስለሚነግሠው ልጁ የእግዚአብሔርን ቃል ሲያደርስ አባትም ልጅም የሚሉትን ስሞች ተጠቅሟል። በመጽሐፈ ኢዮብ መላእክት በዚህ ስም ይጠራሉ፤ በተራራው ስብከትም ጌታችን ይህን ስም ለሚያስታርቁ ሰጥቷል። «መሲሕ» የሚለውም ቃል ቢሆን እንዲሁ ነው። በዕብራይስጥ መሲሕ፣ በግሪክ ክርስቶስ፣ በእኛ ቅቡዕ ማለት ነው፤ አሮን በሙሴ እጅ፣ ሳኦልና ዳዊት በሳሙኤል እጅ ዘይት ፈሰሰባቸውና ቅቡዓን ተባሉ። እንዲያውም በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 45 ይህ ስም የእስራኤልን አምላክ ለማያውቀው ለፋርሱ ንጉሥ ለቂሮስ ተሰጥቷል። በአገራችንም ነገሥታት ሲነግሡ ይቀቡ ነበር፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በጳጳሱ እጅ ተቀብተዋል። ስለዚህ አንድ ሰው መሲሕም የእግዚአብሔር ልጅም እያለ፣ በልቡ ግን የተሾመ ሰው ማለቱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ወንጌል በተሰበከበት ዘመንማ ስሙ በገንዘብ ላይ ታትሞ ይዞር ነበር። ዩልዮስ ቄሣር ከሞተ በኋላ የሮም ሰዎች ከአማልክት ቈጠሩት፤ በኑዛዜው በልጅነት የወሰደው ኦክታቪያኖስም፣ ኋላ አውግስጦስ ቄሣር የተባለው፣ ራሱን «የአምላክ ልጅ» ብሎ ጠራ። አውግስጦስ በተራው ጢባርዮስን በልጅነት ወሰደው፤ የጢባርዮስም ዲናር በጽሑፉ የመለኮታዊው የአውግስጦስ ልጅ ይለዋል። ጌታችን ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ መልኩና ጽሕፈቱ የማን እንደ ሆነ የጠየቀበት ገንዘብ ይኸው ሳይሆን እንደማይቀር ሊቃውንት ይገምታሉ። ነገሩ አያስደንቅምን? አንዱ በሕግ ወረቀት የአምላክ ልጅ የተባለ ነው፤ መልኩን በብር ላይ አስቀርጿል። ሌላው ያችን ብር እንኳ ከራሱ ኪስ አላወጣም፤ አሳዩኝ ብሎ ከሌሎች እጅ ነው ያያት።

እንግዲህ የክርስቶስ ልጅነት ከዚህ ሁሉ በምን ይለያል? እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ የወዳጆቹ ምስክርነት ሳይሆን የጠላቶቹ ቁጣ ነው። በሊቀ ካህናቱ በቀያፋ ፊት በሕያው አምላክ ስም አምሎ የጠየቀው መሲሕ፣ የእግዚአብሔር ልጅ መሆን አለመሆኑን ነበር፤ መልሱን በሰማ ጊዜ ልብሱን ቀደደ። ለክብር ስም ልብስ አይቀደድም። ወንጌላዊው ዮሐንስም በምዕራፍ 5 አይሁድ ሊገድሉት የፈለጉበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ እግዚአብሔርን የራሱ አባት በማለት ራሱን ከእግዚአብሔር ጋር አስተካክሏልና ነው ይላል። የወይኑን አትክልት ምሳሌ ደግሞ እናስታውስ። ባለቤቱ ፍሬውን እንዲቀበሉ መጀመሪያ የላከው አገልጋዮቹን ነው፤ በመጨረሻ የቀረው የሚወደው ልጁ ነበር፤ ገበሬዎቹም ወራሽነቱን ለይተው ያውቁታል። አገልጋዮቹ ነቢያት ከሆኑ ልጁ ከነቢያት እንደ አንዱ አይደለም። ሌላም የማይታለፍ ነገር አለ። ከትንሣኤው በኋላ ለመግደላዊት ማርያም ሲናገር አባቴና አባታችሁ ብሎ ለይቶ ተናገረ እንጂ በአንድነት አባታችን አላለም። «አባታችን ሆይ» የሚለው ለእኛ ያስተማረን ጸሎት ነው። የእርሱ ልጅነትና የእኛ ልጅነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከራሱ አነጋገር እንረዳለን።

ይህን ልዩነት ያፈረሰው አርዮስ ነው። ስለ አርዮስ ስንማር ብዙ ጊዜ ክፋቱን ብቻ እንሰማለን፤ ሐሳቡን ግን በትክክል ብንረዳው መልሱን ይበልጥ እናደንቃለን ብዬ አምናለሁ። አርዮስ በእስክንድርያ ቄስ ነበር። የእግዚአብሔርን አንድነት እጠብቃለሁ ብሎ ተነሣ። ወልድ ከፍጥረት ሁሉ በፊት የተገኘ፣ ከፍጥረት ሁሉ የከበረ ነው ይላል፤ ነገር ግን ያልነበረበት ጊዜ ነበረ፣ በአብ ፈቃድ ከምንም ተፈጠረ ብሎ ይደመድማል። ጥቅስም አያጣም፤ ጌታችን መራቡን፣ መድከሙን፣ አብ ከእርሱ እንደሚበልጥ መናገሩን ይጠቅሳል። ልጅ መባሉንም አይክድም። አዝማሪ የሚያዜመው ግጥም ሳይቀር ይገጥም ነበርና ትምህርቱ በወደብና በገበያ ተሰማ።

በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በእለ እስክንድሮስ ተወግዞ ነገሩ ስላልበረደ ንጉሡ ቈስጠንጢኖስ በ325 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኒቅያ ጉባኤ ጠራ። በቤተ ክርስቲያናችን ቁጥራቸው 318 ተብሎ የሚታወቀው አባቶች በዚያ ተሰበሰቡ። የጉባኤው ችግር ምን ነበር ቢሉ፣ ከመጽሐፍ የትኛውንም ቃል ቢያነሡ የአርዮስ ወገኖች እሺ ይሉና በራሳቸው መንገድ ይተረጕሙት ነበር። ልጅ ነው? አዎን፣ እኛም ልጆች ተብለናል። ከእግዚአብሔር ነው? አዎን፣ ሁሉም ከእግዚአብሔር ነው። ስለዚህ ሊያመልጡበት የማይችሉት ቃል አስፈለገና በመጽሐፍ ቅዱስ የማይገኝ የግሪክ ቃል ተመረጠ፤ ሆሞኡሲዮስ፣ በባሕርይ ከአብ ጋር አንድ የሆነ ማለት ነው። ብዙ ጳጳሳት በመጽሐፍ የሌለ ቃል በሃይማኖት መግለጫ መግባቱ ከንክኗቸው ነበር። እኔ ግን ፍርዳቸውን ትክክል ሆኖ አገኘዋለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ የመጽሐፉን ትርጕም ለመጠበቅ ከመጽሐፉ ውጭ ያለ ቃል ያስፈልጋል።

የነገሩን ፍሬ በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። ሸማኔ ጋቢ ይሠራል፤ ልጅም ይወልዳል። ጋቢው ከሸማኔው እጅ የወጣ ነው፤ ጥበቡን ያሳያል፤ ምናልባትም ከልጁ ይልቅ ያማረ ነው። ነገር ግን ጋቢው ጥጥ ነው እንጂ ሰው አይደለም። ልጁ ደካማም ቢሆን፣ መልከ ጥፉም ቢሆን እንደ አባቱ ሰው ነው። የሚሠራ ነገር ከሠሪው ባሕርይ ውጭ ነው፤ የሚወለድ ግን የወላጁ ባሕርይ አለው። አርዮስ ወልድን ምንም ያህል ከፍ ቢያደርገው የሰጠን እጅግ ያማረ ጋቢ ነው። ደግሞም አብ በአንድ ወቅት ያለ ልጅ ነበረ ካልን በዚያ ወቅት አባት አልነበረም ማለት ነው፤ አባትነት ኋላ የደረሰበት አዲስ ነገር ይሆናል። እግዚአብሔርን ከአንዳች ወደ አንዳች የሚለወጥ ማድረግ ደግሞ አርዮስ ራሱ ከሸሸው ሁሉ የባሰ ነው።

በኒቅያ ዲያቆን ሆኖ የነበረው ቅዱስ አትናቴዎስ ከ328 እስከ 373 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በእስክንድርያ መንበር ሲቀመጥ አምስት ጊዜ ተሰድዷል፤ ከ45 ዓመት ሹመቱ 17 ዓመት ያህሉን ያሳለፈው በስደት ነው። ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ አይምሰለን። ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸውን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው ይኸው አትናቴዎስ ነው። ከአርዮሳውያን ጋር የወገነው የቈስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስታንዮስ በ356 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ ለአክሱም ገዥዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአትናቴዎስ ፋንታ በተተካው በጊዮርጊስ ፊት ሃይማኖቱ እንዲመረመር ይላክልኝ አለ። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ አኑሮልን ዛሬም ይነበባል። አባ ሰላማ ተላልፈው ስለ መሰጠታቸው የሚናገር አንድም ማስረጃ የለም። የልጅነት ጥያቄ እንግዲህ ክርስትና በአገራችን ገና ሕፃን ሳለ በቤተ መንግሥቱ ደጃፍ የመጣ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛም ጊዜ መጥቷል። በእስልምና ታሪክ እንደሚተረከው በ615 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ግድም ከመካ የተሰደዱት ወደ አክሱም ንጉሥ በቀረቡ ጊዜ ስለ ማርያም ልጅ ምን እንደሚሉ ተጠይቀዋል፤ ቃል አቀባያቸው ጃዕፈርም የእግዚአብሔር አገልጋይ፣ መልእክተኛ፣ ወደ ማርያም የተላከ ቃሉና ከእርሱ የሆነ መንፈስ ነው ብሎ መለሰ። እስልምና መሲሕ የሚለውን ስም ይቀበላል፤ ልጅ የሚለውን ግን አይቀበልም። ለምን ቢሉ፣ ልጅ ያለ ሚስት አይገኝምና ይህ ለእግዚአብሔር አይገባም ይላል። አብሮኝ የሚያድረው ጓደኛዬ ይህን ሲያነሣ የመለስሁለት አንተ የምትክደውን እኛም እንክደዋለን ብዬ ነው። አባቶቻችን የወልድ ልደት ከአብ ያለ እናት፣ ያለ ዘር፣ ያለ ጊዜ ነው ብለው አስተምረዋል። ለዚህም ከልብ የሚወለደውን ቃል ምሳሌ ያደርጋሉ። ቃል ከልብ ሲወለድ ልብ አይከፈልም፣ አይጎድልም፤ ልብ ያለ ቃል የነበረበት ጊዜም የለም። ፀሐይና ብርሃኗም እንዲሁ ናቸው። በእርግጥ ምሳሌ ሁሉ ጐዶሎ ነው፤ የእኔ ቃል ተነግሮ ይጠፋል፣ ፀሐይም ማንንም አትወድም። ጓደኛዬ በዚህ አልተስማማም፤ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ እግዚአብሔር ሚስት አለው ትላላችሁ ብሎኝ አያውቅም።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ እስከዚህ የተናገርነው ሁሉ እውነት ነው ብለን እንቀበል። ታዲያ ለእኔ ምን ይረባኛል? ወልድ የባሕርይ ልጅ ቢሆን ወይም የከበረ ፍጡር ቢሆን ነገ ጠዋት በምኖረው ኑሮ ላይ ምን ይለወጣል? የክፍል ጓደኛዬ ጥያቄ በመሠረቱ ይኸው ነበር።

የሚለወጠው የእኛ ልጅነት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜና ለገላትያ ሰዎች ልጅነትን እንደ ተቀበልን ሲጽፍ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል የዘመኑ የሕግ ቃል ነው፤ ያልወለዱትን በልጅነት መውሰድ፣ የእኛ ማደጎ ማለት ነው። አንድ ቤት በማደጎ የገባ ልጅ አለ እንበል። ይወደዳል፣ ይለብሳል፣ ይወርሳል። ነገር ግን በዚያ ቤት የተቀበለው ሁሉ ስለ ተሰጠው ነው፤ ከመንገድ ሌላውን ልጅ ጠርቶ በራሱ ሥልጣን ወራሽ ሊያደርገው አይችልም። ክርስቶስ ራሱ ልጅነትን የተቀበለ ከሆነ ከእኛ ቀድሞ የተቀበለ ታላቅ ወንድማችን ነው፤ ሊሰጠን ግን አይችልም። ይህ የአትናቴዎስ ክርክር ልብ ነው። በባሕርዩ ልጅ የሆነ ብቻ በጸጋ ልጆች ሊያደርገን ይችላል።

ነገሩን ከሥነ ምግባር አንጻር ካየነው ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ከአርዮስ በፊት የአንጾኪያው ጳጳስ ጳውሎስ ሳምሳጢ ኢየሱስ በምግባሩ ፍጹምነት ወደ ልጅነት ያደገ ሰው ነው ብሎ አስተምሮ በ268 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ተወግዟል። አሳቡ ለወጣት ጆሮ ደስ ይላል፤ በርታ፣ አንተም ትደርሳለህ የሚል ይመስላል። ቀረብ ብለን ስናየው ግን ልጅነትን ደመወዝ ያደርገዋል። ደመወዝ ደግሞ ለበረታ ይከፈላል፣ ከደካማው ይቆረጣል። በዩኒቨርስቲ የምንኖር ሁሉ ይህን ሥርዓት በደንብ እናውቀዋለን፤ ነጥብህ ሲወርድ ስምህ ከዝርዝር ይሰረዛል። አባት ቤት ግን እንደ ሬጅስትራር ቢሮ አይደለም። ጠፍቶ የተመለሰው ልጅ ከሞያተኞች እንደ አንዱ ልሁን ብሎ ያዘጋጀውን ንግግር አባቱ እንዲጨርሰው እንኳ አልፈቀደለትም። ልጅነቱ ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ገና ከቤት በወጣበት ቀን አልቆ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን ሊቃውንት ክርክር እንመለስ፤ ብዙዎቻችን ስሙን ሰምተን ምክንያቱን ሳንጠይቅ የምናልፈው ነውና። ከ17ኛው እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት የተከፋፈሉት በዚሁ መሲሕ በሚለው ስም ላይ ነው። የክርክሩ መነሻ ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር የተደረገው ሙግት ሲሆን፣ ዐፄ ፋሲል እነርሱን ካባረሩ በኋላ ጥያቄው ከእነርሱ ጋር አልሄደም። የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 10 የናዝሬቱ ኢየሱስ በመንፈስ ቅዱስ እንደ ተቀባ ይናገራል። አምላክ ከሆነ መቀባት ለምን አስፈለገው? ተቀብቶስ ምን ሆነ? በጎጃም የበረቱት ቅባቶች፣ የሥጋ ድህነት ጠፍቶ ሥጋ የባሕርይ ልጅ የሆነው በመቀባቱ ነው አሉ። ሌሎቹ፣ ጸጋ ወይም ሦስት ልደት የተባሉት፣ ከአብ መወለዱን አንድ፣ ከድንግል መወለዱን ሁለት ብለው፣ በመንፈስ ቅዱስ መቀባቱን ሦስተኛ ልደት አደረጉት፤ በዚህም በሰውነቱ የጸጋ ልጅ ይባላል አሉ። ተዋሕዶዎቹ ደግሞ መለኮት ከሥጋ ጋር መዋሐዱ ራሱ ይበቃል፣ ቅብዓቱም ወልድ ራሱ ነው፣ ልደቱም ሁለት ብቻ ነው ብለው ጸኑ። ሦስተኛውን ልደት ቈርጠው ጣሉት ሲሉ ተቃዋሚዎቻቸው ካራ ብለው ሰየሟቸው። (ለሃይማኖት ክርክር ከዚህ የተሳለ ቅጽል ስም መቼም አይገኝም።)

ይህ ሁሉ ለዘመኑ ሰው የቃል ስንጠቃ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን የተዋሕዶን መልስ ስመለከተው የአትናቴዎስን ክርክር እንደ ገና እሰማበታለሁ። በእርሱ ዘንድ የጸጋ ልጅነት አለ ካልን ክርስቶስ በአንድ ወገኑ ከተቀባዮች ተራ ይቆማል፤ ቄርሎስ በ431 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኤፌሶን ንስጥሮስን የተቃወመበት ሁለትነትም በሌላ በር ይገባል። ሰጪውና ተቀባዩ ሁለት ይሆናሉ። በዮርዳኖስ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ሲወርድ ያልነበረውን ልጅነት ይዞለት አልመጣም፤ የነበረውን ገለጠው እንጂ። ከእመቤታችን የተወለደው ሕፃን በግርግም ተኝቶ ሳለም ያው የባሕርይ ልጅ ነው። የተቀባውም ለእኛ ነው፤ በራስ ላይ የፈሰሰ ዘይት ወደ ልብሱ ጫፍ እንደሚወርድ ያለ ነው።

ክርክሩ የተቋጨው በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በወሎ በቦሩ ሜዳ በጠሩት ጉባኤ ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኝተዋል። ሁለት ልደት ጸና፣ ሦስት ልደት ተወገዘ። በትምህርቱ ረገድ እኔም የዚያ ጉባኤ ልጅ ነኝ። ነገር ግን የታሪኩን ቀጣይ ገጽ መዝለል ተገቢ አይመስለኝም። ከዚያው ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዘ። የወሎው ባላባት መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ፤ በልጅ ማዕርግ የምናውቃቸው ኢያሱም የእኒሁ ሰው ልጅ ናቸው። የታዘዘው ሁሉ ግን እሺ አላለም፤ የተሰደደ አለ፣ እንደ ሼህ ጠልሃ ያመፀ አለ፣ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረም አለ። በአንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ወራት፣ ልጅነት ሥጦታ ነው ተብሎ ተወሰነ፤ ወዲያውም ሥጦታው በነጋሪት ታወጀ።

ዘመኑ የነገሥታት ዘመን ነበር፤ የአገር አንድነትም አሳስቧቸው ነበር ይባላል። አውቃለሁ። ዐፄ ዮሐንስም በመተማ አንገታቸውን የሰጡ ንጉሥ ናቸውና በቀላሉ የሚወቀሱ አይደሉም። ቢሆንም ወንጌላዊው ዮሐንስ በመጀመሪያው ምዕራፍ የእግዚአብሔር ልጆች የሚሆኑት ከሰው ፈቃድ እንዳልተወለዱ ይናገራል፤ የንጉሥም ፈቃድ የሰው ፈቃድ ነው። ልጅነት በአዋጅ የሚሰጥ ከሆነ ወደ አውግስጦስና ወደ ጢባርዮስ ዲናር ተመልሰናል። አብሮኝ የሚያድረው ጓደኛዬ ወሎዬ ነው። ስለ ባሕርይና ስለ ጸጋ ስነግረው በትዕግሥት ይሰማኛል፤ ከቅድመ አያቶቹ የሰማውን የቦሩ ሜዳ ታሪክ ግን የሚያውቀው ከእኔ ይበልጥ ነው፤ እኔ ከመጽሐፍ ነው፣ እርሱ ከቤተሰብ። ቃሌን የሚመዝነው በዚያ ሚዛን መሆኑን ማወቅ አለብኝ።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ፣ እኛስ ወንዶቹ በ40፣ ሴቶቹ በ80 ቀናችን ስንጠመቅና በሜሮን ስንቀባ ማን ጠየቀን ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ብዙ አስቤበታለሁ። የክርስትና አባት በሕፃኑ ፋንታ ሰይጣንን ሲክድና ሃይማኖቱን ሲመሰክር፣ ሕፃኑን ማስተማርም በእርሱ ላይ ይወድቃል፤ ያ ልጅ አድጎ በእግሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል ወይም ይቀራል፤ ለመቅረቱም ወታደር አይላክበትም። ማዕተቡ ከአንገቱ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው የሚያልፈው፤ ያገኘው ነገር ያልደከመበት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ሕፃኑ ገና መልስ የለውም። የወሎው ሽማግሌ ግን ከአባቱ ጎን ሆኖ በሰገደበት ምንጣፍ ላይ መልሱን ከሰጠ ቆይቷል፤ ያን መልስ ሊያስለውጠው የሚገባው ወደ ደጁ መጥቶ የሚነግረው ሰው ነበር።